ሳያውቁ መግዛት

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ገበያዎች እንቁላል የሚገዛ ሰው «የሐበሻ ነው ወይስ የፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቃል። በቆሎው ከምርጥ ዘር የተገኘ መሆኑን ሲሰማም «ይህ የተቀየረው እህል ነው» ብሎ የሚሸሽ አይጠፋም። ምርጥ ዘር ግን የአንድ ሰብል ዝርያዎች ተመርጠውና ተዳቅለው የሚገኝ ነው። በአዋጃችን «ልውጥ ሕያው» የተባለው ሌላ ነው፤ በቤተ ሙከራ፣ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ፍጥረት የተወሰደ ጂን የገባበት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መፍራት ገበሬውን ያለ ጥፋቱ ይጎዳል።

በልውጥ ሕያዋን ረገድ አገራችን ለረጅም ጊዜ ጥብቅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የካርታሄና ስምምነት ሲመከርበት የአፍሪካ አገሮች ቃል አቀባይ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። በዚያው መንፈስ የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ለምርምር እንኳ በር ይዘጋል ተብሎ ተወቀሰ፤ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ላላ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ትልን የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ።

«ጥጥ አይበላምና ምን ቸገረን?» የሚል ይኖራል። የጥጥ ፍሬ ግን ዘይት ይጨመቅበታል፤ የሚተርፈው ፋጉሎ ለላም ይቀርባል። ይህንን ከሱሉልታ ከብት አርቢዎች የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ምግብ ገዝቶ መብላት ኃጢአት ነውን? አይደለም እንላለን። ነፍስ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ በጉዳዩ ላይ አጠቃላይ ፍርድ መስጠት አስቸጋሪ መሆኑን፣ በሰው ጤና ላይ ጉዳት ማድረሱም በማያሻማ ማስረጃ አለመረጋገጡን ገልጸዋል። ስለዚህ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች «መርዝ ነው» ብለው ሕዝቡን ባያስደነግጡ መልካም ነው። ያው መልእክት ግን መሬትና ዘር በጥቂቶች እጅ እንዳይከማች፣ እውነቱም ከፊሉ ተደብቆ ከፊሉ እንዳይነገር አጥብቆ ያሳስባል። የእኛም ጭንቀት ከዚህ ላይ ነው። ባለ ገንዘቡ የታሸገውን አገላብጦ ያነባል፤ ድኻይቱ እናት ግን በጣሳ የተሰፈረላትን በዋጋው ብቻ መርጣ ትሄዳለች። ሳታውቅ ወሰደች እንጂ መረጠች አይባልም።

በጣሳ በሚሸጥ እህል ላይ ጽሑፍ አይለጠፍም። መንግሥት የገዢን መብት ማስከበር ያለበት በጉሊት ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ በዘር አከፋፋዩና በዘይት መጭመቂያው ደጃፍ ይመስለናል። የፋጉሎው ጆንያ ምንነቱ ተጽፎበት ከዚያ ቢወጣ፣ ከብት አርቢው ለሚጠይቀው የወተት ደንበኛ የሚመልሰው ቃል ይኖረዋል።