«ጥሩ ነው» ስለ ማለት



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ከመድረሱ በፊት ሐርቡን ያገኛል። በቃሉ ወረዳ ያለች፣ አውራ ጎዳናው መካከሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ሞቃት ከተማ ናት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደዱኝ የዚያች ከተማ ተወላጅ የሆኑ አንድ መምህር ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ስማቸውን ግን አላነሣም።

ነገሩ የሆነው ክህነት በተቀበልሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። በኮምቦልቻ በአንድ ቤተ መጻሕፍት መጻፍ የሚወዱ ጥቂት ሰዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰቡ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል፤ አንዱ ያነባል፣ የቀሩት ያዳምጣሉ፣ ከዚያም አስተያየት ይሰጣሉ። እኔም በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ግዕዝና ፍልስፍና ተምሯል ተብዬ ተጋበዝሁ። መምህሩ ደብተራቸውን አውጥተው ግጥሞቻቸውን አነበቡ። ቤት ለመምታት ሲባል ሐሳቡ ከመንገዱ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ግጥም ያለውን ሁለተኛውም ሦስተኛውም ይደግመዋል። ይህን ሁሉ አስተውያለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። እኔም «በጣም ጥሩ ነው፤ ይበርቱ» አልሁ። ሌሎቹም አጨበጨቡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ መምህሩ የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳቸው ገንዘቡን ለማተሚያ ቤት ከፍለው ግጥሞቻቸውን በ500 ቅጂ አሳተሙ። ገዢ አልተገኘም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተገናኘንና መጽሐፉ በቤታቸው ከማሽላው ጆንያ አጠገብ ተቆልሎ እንደሚገኝ እየሣቁ ነገሩኝ። ከዚያም ሣቃቸውን አቁመው፣ «አባ፣ ያን ዕለት ያውቁት ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልሰጠሁም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ባልንጀራችን የልቡን ሥራ ይዞ ሲመጣ፣ ከፍቅር የተነሣ ያላመንነውን ምስጋና መስጠት ይገባልን?

ብዙዎቻችን ይህን የምናደርገው ከይሉኝታ የተነሣ ነው። ይሉኝታን በጅምላ የሚነቅፍ ሰው አገራችንን አያውቃትም። በወሎ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ሠርግና በአንድ ለቅሶ ሲገናኙ፣ ሰላማቸውን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ይኸው ይሉኝታ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉን ልብ ብለን እንመልከተው። «ምን ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ነው። የሚጨነቀው ስለ ሌላው ሳይሆን ስለ ራሱ ነው። እኔም ያን ዕለት ለመምህሩ የራራሁ መስሎኝ ነበር፤ በእውነቱ ግን የራራሁት ለራሴ ነው፤ ክፉ ካህን ላለመባል።

ቅዱስ አውጉስጢኖስ ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል፤ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ395፣ ሁለተኛውን በ420 ገደማ። በሁለቱም በደግ ሐሳብ የተነገረ ሐሰት እንኳ ሐሰት ከመሆን እንደማያመልጥ ያስተምራል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ደግሞ ለመጉዳት፣ ለቀልድና ለመርዳት የሚነገረውን ሐሰት ለይቶ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቀላል ቢሆኑም ከኃጢአት ነጻ አይደሉም ይላል። ይኸው ሊቅ ወንድምን ማረም የፍቅር ሥራ መሆኑን ያስረዳል፤ የሚታረመው ሰው ከእርማቱ የተነሣ የባሰ እንደሚሆን ከታየን ግን መተው እንደሚገባ ይጨምራል። በእርግጥ እርሱ የተናገረው ስለ ኃጢአት እርማት ነው፤ ደካማ ስንኝ ኃጢአት አይደለም። (ቢሆንማ ኖሮ እኛ ሰባኪዎች ከመናዘዣው ባልወጣን ነበር።) ሆኖም መንገዱ አንድ ነው፤ ጌታችንም በወንጌል አስቀድሞ ለብቻ ሄዶ መናገርን አስተምሯል።

ይህን ነገር አገራችን ከመጻሕፍት ይልቅ በጉባኤ ታውቀዋለች። ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ ከሚባሉት ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዱ፣ ዋድላ፣ የወሎ ነው። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ያቃናለታል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ የሚደርሰው በየዕለቱ እየታረመ ነው። በቅኔ ቤት መታረም ውርደት አይደለም፤ ተማሪው የመጣው ለዚሁ ነውና። በሌላም ወገን ወሎ ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ ግጥም የጻፉባት አገር ናት። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥነው ሁሉ እንግዲህ ቃልን ከሚያከብር ቤት የመጣን ነን፤ ጭብጨባን ብቻ ከየት እንዳመጣነው እኔ አላውቅም።

እርማት ሲባል ግን ሁሉም እርማት አንድ አይደለም። በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፣ ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ግዕዝን የተማረው ከመጻሕፍት ነበርና ማንበብ ሲጀምር በዚያ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ከአነባበቡ የተነሣ ሣቃቸውን መግታት አቃታቸው ይባላል። ሣቁ ሐሰት አልነበረም፤ ንባቡ በእርግጥ የተበላሸ ነበር። ነገር ግን ሣቅ አንዲት ፊደል አያቃናም። አባ ጎርጎርዮስ ግን አብረውት ተቀመጡ። በ1652 እስከ ጎታ ድረስ ሄደው ግዕዙንም አማርኛውንም ቃል በቃል አስረዱት። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በባሕር ሰጥመው ሞቱ፤ የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተሙት ከ40 ዓመት በኋላ በ1698 ነው። እውነትን የሣቁትም ተናግረዋል፣ አባ ጎርጎርዮስም ተናግረዋል፤ ልዩነቱ ከተናገሩ በኋላ አብሮ መቀመጡ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ ሚውዚክ ሜይዴይ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለዓመታት የመጻሕፍት ውይይት ሲያካሂድ ቆይቷል፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያ ለውይይት የሚቀርበው ታትሞ የወጣ መጽሐፍ ነው፤ ቀለሙ ደርቋል። በትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሚሰበሰቡ ጸሐፊዎች የያዙት ደብተር ግን ገና በላጲስ ይጠፋል። እውነቱን የሰማ ሰው ስንኙን ያቃናል እንጂ ዕቁቡን አያጣም። ያን ዕለት በዝምታዬ ከመምህሩ የወሰድሁት ይህን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ላልፈው አልችልም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነቱ ምን እንዳሳለፉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ አንዲት እናት ወደ እንዲህ ያለ ስብሰባ መጥታ ስለ ልጇ የጻፈችውን ብታነብ፣ «ሦስተኛው መስመር ደካማ ነው» የሚላት ማን ነው? እኔ አልላትም። ይህም ይሉኝታ አይመስለኝም። ጽሑፉ ሥነ ጽሑፍ ከመሆኑ በፊት ምስክርነት ነው፤ ምስክርም መጀመሪያ ይደመጣል። ነገር ግን «በጣም ጥሩ ነው» ማለትም አይገባኝም፤ ለእንባ ማርክ አይሰጥም። ሌላ ቀን ራሷ ደብተሯን ይዛ ተመልሳ «እንዴት ላሻሽለው?» ያለች እንደሆነ ግን፣ ያን ጊዜ ስለ ሦስተኛው መስመር መንገር ግዴታዬ ይሆናል። ጸሐፊ ነኝ ብላ የመጣችን ሴት እንደ ሐዘንተኛ ብቻ ማየት ሌላ ዓይነት ንቀት ነውና። ሁለቱን ቀን እንዴት እንደምንለይ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ጠይቆ መረዳት ግን ይቻላል። እኔ መምህሩን «ምን እንድልዎ ይፈልጋሉ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ቅዱስ አውጉስጢኖስ በስተርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ426 እና በ427፣ የጻፋቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየመረመረ ስሕተቱን በራሱ እጅ ያረመበት መጽሐፍ አለው። እኔም ይህን አስቤ ባለፈው ዓመት ወደ መምህሩ ቤት ሄድሁ። ለቅሶ ቤት ለጠየቁኝም «አዎን፣ አውቀው ነበር» ብዬ መለስሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ቡና እንዲፈላ አዘዙ። ስወጣ ከቆለሉት መጽሐፍ አንዱን ቅጂ ለምኜ ወሰድሁ።

አሁን እርሳስ ይዤ እያነበብሁት ነው፤ ገጽ 11 ላይ ደርሻለሁ። ጠርዙ በምልክት ሞልቷል። ገጽ 9 ላይ ግን ስለ ቦርከና ውሃ የተጻፉ ሁለት ስንኞች አሉ፤ እርሳሴን አስቀምጬ ደጋግሜ አነበብኋቸው። ሁለቱም ያን ዕለት በቤተ መጻሕፍቱ ተነብበው ነበር። እኔ ምን እንደምል እያሰብሁ ስለነበር አልሰማኋቸውም።