ስለ ሕዝብ የተጻፈ መጽሐፍ የማን ነው?

ስለ ትምህርትና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ የሚጽፍ ምሁር፣ ዕውቀቱን ለቀዳበት ሕዝብ ዕዳ አለበትን? ዶክተር ተሾመ ዋጋው በ1990 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ከፍተኛ ትምህርትና ማኅበራዊ ለውጥ የመረመሩበትን መጽሐፍ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ድካማቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው ጊንጪ፣ በአፋን ኦሮሞ ለሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር እንዲህ ያለው መጽሐፍ ሩቅ ነው።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች የመጫወቻ ሜዳና የደን ነገር አሳስቧቸው አደባባይ በወጡ ጊዜ፣ ለውጥ በመጽሐፍ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤትም የሚነሣ መሆኑ ታየ። የወጣቱን ልብ መረዳት ለመምህሩም ለሹሙም የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

በእንግሊዝኛ መጻፍ ከዓለም ሊቃውንት ጋር ያነጋግራል የሚል ቢኖር፣ እውነቱን ነው። ሆኖም የበሽተኛውን ደም ሥር ዳስሶ ሕመሙን ለጎረቤት ብቻ የሚነግር ሐኪም፣ ዐዋቂ ቢባል እንኳ ታማኝ አይባልም።

ስለዚህ ምሁሩ ያገኘውን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይመልስ፤ መምህሩም የተባለውን በተማሪዎቹ ኑሮ መርምሮ፣ ጐድሎ ያገኘውን ለጸሐፊው ይንገር። ዕውቀት የጋራ ሀብት የሚሆነው እንዲህ ሲመላለስ ነው።