ከሰዓትህ ሥር ያለው ቆዳ



ሰዓት ያሰርከው ሶላት እንዳያልፍህ ከሆነ ኒያህ ያምራል። ግን አስተውል፦ ከኦቾሎ ከፍታ ሆነህ ቁልቁል አባያን እያየህ ውዱእ ስታደርግ፣ ማሰሪያው ከጠበቀ ከሥሩ ያለው ቆዳ ደርቆ ይቀራል። ከጣት እስከ ክርን ውሃ ያልነካው ቦታ ካለ ውዱኡ ጎዶሎ ነው። ለሶላት ያሰርከው ሰዓት ሶላትህን አበላሸው ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ይህን እያወቅን አናወልቀውም። ውሃ እንዳይነካው ለዕቃው እንሳሳለን፤ ለሶላታችንስ?

ስለዚህ ላላ አድርገህ እሰረው፤ በውዱእ ጊዜ አውልቀው ወይም አንቀሳቅሰው። ወርቅ ለወንድ ሐራም ነው፤ ተራው ይበቃሃል። በቀኝም በግራም ብታስረው ችግር የለውም።

ዛሬ ወደ መስጂድ ከመሄድህ በፊት ያንን ቦታ በጣትህ ዳስሰው። ረጥቧል?

ጁሙዓ ሙባረክ።