ያልተፋቀችው ስምንት

አንዲት ወጣት ቅየሳ ልትማር ወደ አንድ ሽማግሌ ቀያሽ ሄደች። ሽማግሌው የመስክ ደብተርና እርሳስ ሰጧት። ከመስጠታቸው በፊት ግን የእርሳሱን ላጲስ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

የመጀመሪያ ሥራዋ ከምንጩ እስከ እርሻው 2 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የመስኖ ቦይ ነበር። አገሩ ለጥ ያለ ነው፤ ውሃው በየ100 ሜትሩ የሚወርደው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ግማሽ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ጥቂት ከተሳሳተች መሄዱን ትቶ ይተኛል። አንድ እረኛ ልጅ ስታፉን፣ ቁጥር ያለበትን የመለኪያ ዘንግ፣ ያቆማል፤ እሷ በሌቭሉ፣ በከፍታ መለኪያ መሣሪያዋ፣ መነጽር አይታ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ መሣሪያዋን ወደ ፊት ታሻግራለች። (ስታፍ ያዥ የቅየሳው ግማሽ ነው፤ ግን ማን ያስተምረዋል?) እርሻው ጋ ሲደርሱ ዞረው፣ እየለኩ ወደተነሡበት ድንጋይ ተመለሱ።

ማታ ስትደምርና ስትቀንስ፣ ድንጋዩ ከጠዋቱ 40 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ።

«ልጄ፣ ድንጋይ በአንድ ቀን አይበቅልም» አሉ ሽማግሌው። ኩራዙን ትተውላት ተኙ።

ለ4 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ እሳቸው የሚያሳልፉት ስህተት 24 ሚሊ ሜትር ነው። ደብተሩን ገለጠች። ዘጠነኛው ቦታ ላይ 1.384 ተጽፏል። 8ቷ 6 ብትሆን ስህተቱ 20 ይሆናል፤ ያልፋል። የዳቦ ልብ እርሳስ እንደሚያጠፋ ታውቃለች፤ ከእራት የተረፈ ዳቦም ነበር። ቆርሳ በጣቶቿ አድቦለቦለችው። ይዛው ብዙ ቆየች።

ከዚያ በላችው።

ጎህ ሲቀድ ልጁን ቀስቅሳ ከድንጋዩ እንደገና ጀመረች። ዘጠነኛው ቦታ ላይ ልጁ ስታፉን ሲያነሣ ጥቁር ጭቃ ከሥሩ ተከትሎ መጣ። ዋልካ ነው። ለካ ትናንት እሷ ሌቭሉን እስክታሻግር ልጁ ስታፉን ተደግፎት፣ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ኖሯል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ አኖረችለትና ቀጠሉ። የዚህኛው ዙር ስህተት 6 ሚሊ ሜትር ሆነ። 1.384ን በአንድ ቀጭን ሰረዝ ሰርዛ ከጎኗ «እዚህ መሬቱ ዋልካ ነው፤ ይሰምጣል» ብላ ጻፈች።

ቦዩ ተቆፈረ፣ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ውሃው ደረሰ።

ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ በጋ፣ የታችኞቹ እርሻ ውሃ አጣ። «የላይኞቹ ሌሊት እየጠለፉብን ነው» ተባለ። አንድ ገበሬ በስሙ ተጠራ፣ ዱላ ተነሣ፣ የአገር ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አሮጌው ቀያሽ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሷም ሩቅ አገር ነበረች። አንድ አዲስ ቀያሽ የቆየውን ደብተር ይዞ መጣ። ቁጥሩ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ የተሰረዘች አንዲት ብቻ አለች። ርቀቱን ከመነሻው ድንጋይ ለክቶ ሄደና ቆመ።

ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የቦዩ ወለል እዚያ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ ደለል ከላይ ሸፍኖት፣ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ወደ መሬት ይገባ ነበር።

አዲሱ ቀያሽ በጣቱ አመለከተ። በውሃ ሌብነት የተጠራው ገበሬ ዶማውን ከትከሻው አውርዶ መቆፈር ጀመረ። ሁለተኛው ዶማ የከሳሹ ነበር።