የሕፃናት ሰንበት ትምህርት በናይሮቢ

ሰንበት ትምህርት ቤት ሲጀመር የማንበብ ትምህርት ቤት ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጣ አሳታሚ ሮበርት ሬክስ እ.ኤ.አ. በ1780 በግሎስተር ከተማ ያስጀመረው ትምህርት ሳምንቱን በሥራ ለሚውሉ የድሃ ልጆች የታሰበ ነበር። ነጻ ቀናቸው እሑድ ብቻ ስለነበረ ፊደል የቆጠሩት በዚያ ቀን ነው፤ የማንበቢያ መጽሐፋቸውም መጽሐፍ ቅዱስ ሆነ።

ወደ ኬንያም የገባው ይህንኑ መልክ ይዞ ነው። በዚያ አገር ጠረፍ የፕሮቴስታንት ስብከትን የጀመረው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ አስቀድሞ በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የኖረ ሰው ነው። ወደ ሸዋ መመለሻው ሲዘጋበት እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ገባ። ስኮትላንዳውያን ሚሲዮናውያን ደግሞ በ1898፣ የናይሮቢ ከተማ ከመቆርቆሯ አንድ ዓመት በፊት፣ ኪኩዩ በተባለ ስፍራ ሰፈሩ። በኪኩዩ ሕዝብ ዘንድ ክርስትናን የተቀበሉት «አቶሚ»፣ ማለትም «አንባቢዎች»፣ ተባሉ። ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ማመንና ማንበብ በአንድ በር ገብተዋል።

በኢትዮጵያም ልጅ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ቆጥሯል፤ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን የዮሐንስን መልእክት አንብቧል፤ ውዳሴ ማርያምና ዳዊት ደግሟል። ከኪኩዩ አንባቢ የሚለየው ግን ፊደሉን ሳያውቅ በፊት ክርስቲያን መሆኑ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ተጠምቀው በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ሁሉ ከቤት ገብቶ ለተቀመጠ ልጅ የሚሰጥ ነው እንጂ በር ላይ ለቆመ አይደለም።

ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚነሣው ዋናው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። ልጅ የሚያምነውን ተረድቶ ነው መኖር የሚጀምረው፣ ወይስ እየኖረው ነው የሚረዳው?

በናይሮቢ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ሁለቱንም መንገድ ያያል። በከተማዋ ባሉ ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ትልልቆቹ ስብከት ሲሰሙ ልጆች ወደየክፍላቸው ይሄዳሉ። እዚያ በዕድሜያቸው ልክ ታሪክ ይነገራቸዋል፤ ጥቅስ ያጠናሉ፤ በእጅ ምልክት እያጀቡ ይዘምራሉ። በአዘቦት ቀን ደግሞ የኬንያ ትምህርት ቤቶች የክርስትናን ሃይማኖት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ያስተምራሉ። ልጁ የኖኅን ታሪክ በእንግሊዝኛ ያውቀዋል፤ በስዋሂሊም እግዚአብሔርን «ሙንጉ»፣ ዮሐንስን «ዮሐና» ይላል። እሑድ ከእናቱ ጋር ሲያስቀድስ ግን ግዕዝ ይሰማል፤ ይቆማል፤ ይሰግዳል፤ መስቀል ይሳለማል፤ ሳይበላ መጥቶ ይቆርባል። አንዱ ቦታ ቃል በሽበሽ ነው፤ በሌላው ቦታ ደግሞ አካሉ የሚያውቀውን አፉ ሊናገረው አይችልም።

ለትንሽ ልጅ መቅደም ያለበት ሁለተኛው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ሥላሴ የሚነገረውን ትንታኔ ሊሸመድደው ይችላል፤ ሊይዘው ግን አይችልም። አያቱ በጨለማ ተነሥታ ስትጸልይ ያየውን ግን በሽምግልናው አይረሳውም። ሐዋርያው ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያስታውስ አስቀድሞ የሚጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው፤ በኦሪት ዘዳግምም ልጆችን የማስተማር ትእዛዝ የተሰጠው በቤት ሲቀመጡና በመንገድ ሲሄዱ እንዲፈጸም ነው።

ይህ ማለት ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ትርፍ ነው ማለት አይደለም። ልጁ የሚያደርገው ነገር ስም ያስፈልገዋል። ለምን እንደሚጾም፣ ካህኑ ለምን እንደሚያጥኑ፣ ጫማ ለምን እንደሚወልቅ ጠይቆ «ዝም በል» የተባለ ልጅ ጥያቄውን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በኢትዮጵያ የሰንበት ትምህርት ቤቶች የሕፃናት ክፍል ይህን ሥራ ለመሥራት የቆመ ነው። በስደት ግን ክፍሉ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል፤ ወላጅ አማርኛም እንዲያስተምርለት ይፈልጋል። ምኞቱ ተገቢ ነው፤ ቋንቋውን ያጣ ልጅ ከአያቱ ጸሎት ይርቃልና። ይሁን እንጂ አንዲት ሰዓት በሙሉ በ«ሀ ሁ» ካለቀች ልጁ ስለ ክርስቶስ ሳይሰማ ይመለሳል። ጥያቄው የመጣው በስዋሂሊ ከሆነ መልሱም በስዋሂሊ ቢሰጥ ነውር የለውም። ክራፕፍም ሞምባሳ እንደደረሰ ሥራውን የጀመረው ስዋሂሊ በመማር ነው።

በቃል ጥናት የማይመለሱ ጥያቄዎችም አሉ። መስከረም 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በኢስሊ አቅራቢያ፣ ጁጃ መንገድ ላይ በሚገኘው የቅዱስ ፖሊካርፕ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን፣ በሰንበት ትምህርት ላይ በነበሩ ሕፃናት መካከል ቦምብ ፈንድቶ አንድ ልጅ ሞተ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ይህን የሰማ ልጅ «እግዚአብሔር የት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ጥቅስ መወርወር ከጭካኔ ይቆጠራል። መምህሩ አብሮ ማዘን፣ ለሞተው መጸለይ፣ መልሱን ሁሉ እኔም አላውቅም ማለት ይችላል። ልጅ ከዚህ የሚማረው አማኝ ሐዘኑን ይዞ ወደ ማን እንደሚሄድ ነው፤ ይህን ደግሞ ሥዕል በማቅለም ማስተማር አይቻልም።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነትም የራሱ ችግር አለው። የኬንያ የትምህርት ዓመት የሚከፈተው በጃንዋሪ ስለሆነ ጥር 11 የሚውለው ጥምቀት ብዙ ጊዜ ከክፍል ሰዓት ጋር ይጋጫል፤ ገናም ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ይመጣል። ልጁ ታቦት ሲወጣ ሳያይ ስለ ጥምቀት እሑድ በሥዕል ይማራል። ፍልሰታ ግን ይመቻል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ጾም በአብዛኛው የኬንያ ትምህርት ቤቶች እረፍት ላይ የሚሆኑበት ጊዜ ነው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾምም ይኸው ነው። ልጆቹ ጠዋት ሳይበሉ መጥተው ያስቀድሳሉ፤ ይቆርባሉ፤ ጠበል ጠጥተው ጥቂት ከቀመሱ በኋላ ስለ እመቤታችን ዕርገት ይነገራቸዋል። ታሪኩ ሲነገራቸው ረሃቡ ገና ከሆዳቸው አልጠፋም፤ የዕጣኑም ሽታ ከነጠላቸው አልለቀቀም።