ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በምንድን ነው?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል በአገራችን በሐዘን ቤትም በደስታ ቤትም ይነገራል። ይሁን እንጂ ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በምን እንደ ሆነ ቆም ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። በድንጋይ ላይ ስለ ተቀረጸ ነውን? በአደባባይ ስለ ተለጠፈ ነውን? ወይስ ሌላ የሚያቆመው ነገር አለ? የተወደዳችሁ አንባቢዎች፣ ይህን ለመመርመር ከደጋው ወርደን ወደ ጅቡቲ እንሂድ፤ በዚያ ያለ አንድ አደባባይ ስለዚህ ነገር ብዙ ያስተምረናልና።

ጅቡቲ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳዮች በባሕር ዳር የቆረቆሯት ከተማ ናት። በጥንቱ የአውሮፓውያን ሰፈር መካከል፣ ኖራ በተቀቡ ቤቶች የተከበበ አደባባይ ይገኛል። ቤቶቹ በፊታቸው ቅስት ያለው በረንዳ አላቸው፤ መንገደኛውም በዚያ ሥር ከብርቱው ፀሐይ ተጠልሎ ያልፋል። ፈረንሳዮች ይህን ስፍራ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ስም ጠሩት፤ በእነርሱም አነጋገር ሜኔሊክ አደባባይ ተባለ።

የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ስም በባዕድ ከተማ እምብርት ምን አደረገ ብሎ ለሚጠይቅ፣ የባቡሩን ሐዲድ ማሰብ ይበቃዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነበር። ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ይህን መንገድ ያሰቡት ንጉሥ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ስላረፉ፣ ባቡሩ ወደ መዲናቸው ሲገባ ለማየት አልታደሉም። ከዚያ ወዲህ የደጋው ቡናና ቆዳ በዚያ በር ወጣ፤ ጨርቁና ብረታ ብረቱ በዚያ በር ገባ፤ ትንሿም የባሕር ዳር ሰፈር ታላቅ ወደብ ሆነች። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ምክንያት ሲሰደዱ፣ በዚሁ ሐዲድ ወርደው ከዚችው ወደብ በመርከብ ተሳፈሩ። የንጉሥ ስም የተቀበለች ከተማ የንጉሥንም ስደት ተቀበለች።

ከዚህ በኋላ ዘመን ተለወጠ። ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች፤ አደባባዩም በዚያች የነጻነት ቀን ተሰየመ። ሆኖም የከተማው ሰው የጥንቱን ስም ከአፉ አልጣለውም፤ ብዙዎች ስፍራውን ዛሬም ሜኔሊክ እያሉ ይጠሩታል።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይጠናል። ከወገኖቻችን መካከል «የንጉሣችን ስም ስለ ምን ተነሣ?» ብሎ ቅር የሚለው አይጠፋም። ነገሩን በእውነት ሚዛን ካየነው ግን ቅሬታው አይጸናም። በአዲስ አበባ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ያለው የምኒልክ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ነቅለው ሰወሩት፤ ከነጻነትም በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የተቈጣነው የቤቱ ባለቤት ሳይፈቅድ የቤቱ ምልክት ስለ ተነቀለ ነበር። የጅቡቲ ሕዝብ ግን በገዛ አገሩ፣ በገዛ አደባባዩ፣ ለልጆቹ የሚነግረውን ታላቅ ቀን ጻፈ። ለራሳችን የምንሻውን መብት ለጎረቤት መንፈግ ፍርድ ማጣመም ነው። ደግሞም ስሙን የሰጡት የአገሩ ሕዝብ ሳይሆኑ የገዙት ፈረንሳዮች እንደ ነበሩ መርሳት አይገባም።

ታዲያ ምልክት ሁሉ ከንቱ ነውን? አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ዓይነት ድንጋይ እናገኛለን። አቤሴሎም ስሙን የሚያስጠራ ልጅ የለኝም ብሎ በሕይወቱ ሳለ ለራሱ ሐውልት አቆመ። ኢያሱ ግን ከዮርዳኖስ ወንዝ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ ሲያቆም የራሱን ስም አላሰበም፤ ልጆች ወደ ፊት ትርጉሙን ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱላቸው ነበር። የፊተኛው ድንጋይ ልጅን ለመተካት ቆመ፤ የኋለኛው ልጅን እንዲጠይቅ አደረገ። ጠያቂና መላሽ የሌለው ሐውልት፣ ቁመቱ ምንም ቢረዝም፣ ዲዳ ድንጋይ ነው።

ለዚህ የአክሱም ሐውልት ምስክር ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ ከስልሳ ዓመት በላይ በባዕድ አገር ኖረ። በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሕዝቡን ያስታወሰው ድንጋዩ አልነበረም፤ ድንጋዩን ያስታወሰውና ያስመለሰው ሕዝቡ ነው።

በጅቡቲ ከተማ የሚገኙት የጸሎት ቤቶችም ይህንኑ ይነግሩናል። በ1898 ዓ.ም. ገደማ የታነጸው የሐሙዲ መስጊድ ባሠራው ነጋዴ ስም ይጠራል፤ በ1956 ዓ.ም. የተመረቀው የካቶሊኮች ካቴድራልም በመልካሙ እረኛ ስም። ስሞቹን በሕይወት ያቆያቸው የግንቡ ጽናት ብቻ አይደለም፤ ሰው በየዕለቱ ደጃፋቸውን ስለሚረግጥ ነው።

ይህንም ስንል ስም ያልተጻፈላቸውን እናስብ። ያን ሐዲድ በበረሃ ሐሩር ያነጠፉት፣ ድንጋይ የፈለጡትና ብረት የተሸከሙት ከልዩ ልዩ ወገን የመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱም አደባባይ አልተሰየመለትም። የአንድ ሰው ስም የሺህ ሰዎችን ድካም ይሸፍናል። ስለዚህ «ምኒልክ» የሚል ሁሉ፣ በዚያ ስም ጥላ ሥር ስማቸው የተሰወረውን ካላሰበ፣ ግማሹን ታሪክ ብቻ ተናገረ።

እንግዲህ ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ሥራው ለሌሎች በር በከፈተበት መጠን ነው። ጅቡቲያዊው ስሙን ሊተው ሥልጣን ሳለው በፈቃዱ የሚጠራው ከሆነ፣ በትእዛዝ ከሚቆም ሐውልት ይልቅ ይህ የከበረ ነው። ዕዳው ግን በእኛ ላይ ይወድቃል። ዛሬም የአገራችን ንግድ እጅግ የሚበዛው በዚያ ወደብ ያልፋል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መንገድም ወደዚያው ይወርዳል። የጭነት መኪና ነጂዎቻችን በዚያ ያድራሉ። ባሕር ተሻግረው እንጀራ ሊፈልጉ የሚወጡ ወጣቶቻችንም በአገሩ በረሃ በእግራቸው ተጉዘው በኦቦክ ዳርቻ ጀልባ ይጠብቃሉ፤ ብዙዎችም በውኃ ጥምና በማዕበል አልቀዋል።

የአደባባይ ስም ተለወጠ ብለን የምናዝን ከሆንን፣ ስለ እነዚህ ልጆች አብልጠን ልናዝን ይገባናል። ንጉሡ የከፈቱት በር ለአገር በረከት እንዲሆን ነበር፤ ልጆቻችን በዚያው በር ሲወጡ መንገዱን የሚነግራቸው፣ አደጋውን የሚያስጠነቅቃቸው፣ በአገራቸው ሥራ የሚያገኝላቸው ሰው ይሻሉ። በጎረቤት ከተማ ያለንን ስም የሚያቆመው በዚያ የምናሳየው ጠባይና ለወገናችን የምናደርገው ርኅራኄ ነው። ይህ ከጎደለ፣ በየአደባባዩ ብንጻፍም የሚጠራን አይኖርም።