«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው»

ይህ ተረት ስለ ውሃ ሲነገር ብዙም አይሰማም። የሚነገረው ስለ ሰው ነው፤ ምላሱ ማር ስለሆነ ደላላ፣ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚከመር ብድር፣ «አንዲት ብቻ» እየተባለ ሌሊቱ ስለሚጋመስበት መለኪያ። ሽማግሌው ይተርታል፣ ወጣቱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወንዙን የሚያስታውሰው የለም። እኔ ግን አንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ልመልሰው። ወቅቱም ደግ ወቅት ነው፤ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት አዲስ አበባ ያለ የሀድያና የከምባታ ልጅ ሁሉ ስልክ እየደወለ «መንገዱ እንዴት ነው? ዝናቡስ?» ይላል።

ከአዲስ አበባ ሆሳዕና በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት ነው፣ ማልዶ የተነሣ ሰው ምሳውን ሆሳዕና ይበላል። ጭንቁ ከከተማው ወዲያ ነው። ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ የሚያስገባው መንገድ በብዛት ጠጠር ነው፣ ጠጠሩ ያለቀበት ደግሞ ቀይ ጭቃ ነው። አገሩ ተዳፋት ስለሆነ ጅረቶቹ አጫጭርና ቁልቁል ወራጅ ናቸው። ላይኛው ተራራ ላይ የዘነበው በአንድ ሰዓት ውስጥ ታች መንገዱ ላይ ይደርሳል፤ ዝናቡ ካባራ ደግሞ በሁለት በሦስት ሰዓት ይጎድላል። ይህን የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚሳሳተውም ያው የአገሬው ሰው ነው።

ክረምት ከአገራችን የሚወጣው ከሰሜን ጀምሮ ነው። ትግራይ ላይ ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ እኛ ዘንድ ደመናው ገና ጓዙን አልሸከፈም። አዲስ ዓመት ገባ ተብሎ የተዘፈነለት ፀሐይ ከቀትር በኋላ ይጠፋና ቆርቆሮው ይጮኻል። የሀድያው ያሆዴ እና የከምባታው መሳላ በዓላት የሚውሉት በዚሁ ሰሞን ነው፣ ከመስቀል ጋር። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል፤ «በአንዳንድ ቦታዎች ከባድ ዝናብ» ይላል። አንዳንዱ ቦታ የእናትህ ደጅ ይሁን የሌላ ሰው ግን አይነግርህም።

«ታዲያ ቀኑን ለምን አያዛውሩትም?» የሚል ይኖራል። ለዕረፍት ወደ ሐይቅ ዳር የሚሄድ ሰው ያዛውር፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። መስቀል ግን ሰው አይጠብቅም። ወንዱ ዓመቱን ሙሉ ለሰንጋ ሲያዋጣ ከርሟል፤ ሴቷ ቅቤዋን ስታጠራቅም ከርማለች። የተጣላ የሚታረቀው፣ ታናሽ በታላቅ የሚመረቀው፣ የልጅ ትዳር የሚመከረው ያን ቀን ነው። በዚያ ላይ ለመኪናው ተከፍሏል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ተሞልቷል፣ ለልጆቹ ልብስ ተገዝቷል። እንግዲህ ተረቱን ይህን ሁሉ በተሸከመ ሰው ላይ ነው መፈተን ያለብን፣ እጁን አጣምሮ ወንዝ ዳር በተቀመጠ ላይ አይደለም።

አንድ ዓመት ለበዓሉ ስንሄድ ሚኒባሳችን ከአንድ ጅረት ዳር ቆመ። ውሃው መንገዱን ሸፍኖታል፣ ቀለሙ ሻይ በወተት ነው። ረዳቱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የባሕር ዛፍ ብትር ይዞ ገባ። ሦስት እርምጃ እንደሄደ አንድ እግሩ አዳለጠውና እጁን እንደ ዶሮ ክንፍ አራገበ፤ መኪናው ውስጥ ያለነው ሁሉ በሳቅ ፈረስን። እሱም ሳቀ። ከወዲያ ማዶ የቆሙ ልጆች አጨበጨቡለት። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ያኔ ከኋላ ወንበር፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ የተከናነቡ አንድ አባት «ልጄ፣ ብትሩን እየው፣ ብትሩን» አሉ። አየነው። ረዳቱ መጀመሪያ እዚያ ሲቆም ብትሩን ያረጠበው ውሃ እጁ ከያዘበት በታች ነበር፤ አሁን እጁን ነክቶታል። የቆመበትን አልለቀቀም፤ ውሃው ግን ከፍ ብሏል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዲት ሴት ዳቦ አውጥታ ለሁላችንም ቆረሰች። እዚያው ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ያን ጅረት የተሻገርነው ጎማ እንኳ ሳይሸፈን ነው።

ተረቱን ያወጣው ሰው ወንዝ የሚያውቅ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ውሃ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲሆን ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል። ባት ላይ ሲደርስ ይኮረኩራል። ከዚያ በኋላ ሳቁ ያልቃል፤ ፈጣን ውሃ ጉልበት ሳይደርስ አዋቂ ሰው ይጥላልና። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪና ማንሳፈፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። የመኪናው ክብደት አይረዳም፤ ውሃው ከሥር በያዘው መጠን መኪናው እየቀለለ ነው የሚሄደው። ቀይ ውሃ ደግሞ ሥሩን አያሳይም፤ ትናንት መንገድ የነበረው ዛሬ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ይሁን ማን ያውቃል?

እስከዚህ ተረቱ አልተሳሳተም። ግን ሁሉም ውሃ አይስቅም።

ድሬዳዋን እናስታውስ። የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በዚያ ደረቅ አሸዋ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ማን ተሳሳቀ? የተኛ ሰው ነው የተወሰደው። የብላቴ ወንዝም ጠባዩ ለዚህ ይቀርባል፤ ከጉራጌና ከስልጤ ደጋ ተነሥቶ በሐላባ ቆላ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። ላይ ሲዘንብበት ታች ፀሐይ እየሞቀ ያለውን ሰው ማሳ ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ወደ ዱራሜ የሚሄድ መንገደኛ በሐላባ በኩል ልዙር ቢል፣ ራሱ ላይ ያለውን ሰማይ አይቶ መወሰን አይበቃውም፤ የሚጠይቀው የላይኛውን አገር ሰው ነው።

ይበልጥ የሚከብደው የጎፋው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ብዙ ዝናብ የጠጣ ተራራ ተንሸራትቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጠ፤ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሮጡ። በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። የሞተው ሰው ከ220 በላይ ነው፤ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡት ነበሩ። እነዚያ ሰዎች በሳቅ አልተወሰዱም፤ በልቅሶ ነው የተወሰዱት። የእኛ ተረት ለእነሱ የሚለው ነገር የለውም። «ተጠንቀቁ» የሚል ምክር ወገኑ ከመሬት በታች ሲጣራ ለሚሰማ ሰው አይነገርም። ሆኖም የተንሸራተተ ተዳፋት እንደገና ሊንሸራተት እንደሚችል ማወቅ፣ አንድ ሰው ከሩቅ ቆሞ ተራራውን ብቻ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ይህ ግን የሚታሰበው በደህናው ቀን ነው፤ ተረትም ከጠቀመ የሚጠቅመው በደህናው ቀን ነው።

እኔ በተረቱ ላይ ያለኝ ክርክር ሌላ ነው። ውሃ አይስቅም፣ አያሳስቅምም። የሚያሳስቀው ከፊት ያለፈው ሰው ነው፤ «እኔ አሁን አለፍኩ እኮ፣ ምንም የለውም!» የሚለው። የሚያሳስቀው የተከፈለው ገንዘብ ነው፣ ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋው መኪና ነው፣ «እንዴት እዚህ ደርሰን?» የሚለው ሐሳብ ነው። ሰው የሚወሰደው በመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ መመለሱን ከቀደመው የበለጠ ውድና አሳፋሪ ስለሚያደርገው ነው።

ሆሳዕና ውስጥ ይህን ለማስረዳት ወንዝ አያስፈልግም፤ ደቡብ አፍሪካ ማለት ይበቃል። ልጅ ያልላከ ሰፈር የት አለ? መጀመሪያ ለደላላው ትንሽ ይከፈላል። ሞያሌ ሲደረስ ይጨመራል፣ ኬንያ ገብቶ ሌላ፣ ታንዛኒያ ሌላ። መሬት ተሽጧል፣ በሬ ተሽጧል፣ ዘመድ ተበድሯል። ማላዊ ላይ «ልመለስ» የሚል ልጅ በምን ዓይኑ አባቱን ያያል? በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ በቴቴ ግዛት፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተገኙት 14 ነበሩ። ወደዚያ ኮንቴይነር የሚያደርሰው መንገድ ከአገር ሲወጣ ኮንቴይነር አይመስልም፤ መጀመሪያው በአብዛኛው እንደ ሌላው መንገደኛ በወንበር ተቀምጦ የሚሄዱበት ነው።

በአንጻሩ ቀድሞ የሚነገረው አደጋም አለ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በየዓመቱ ከሰኔ እስከ ኅዳር የሐሪኬን ወቅት ነው ይሉናል። የአትላንቲኩ ሐሪኬን ከመድረሱ ከቀናት በፊት ስም ይወጣለታል፣ መንገዱ በካርታ ይሳላል፣ አየር መንገዶች ያለ ቅጣት ቲኬት ቀይሩ ይላሉ። የሚገርመው፣ ከብርቱዎቹ አብዛኞቹ ዘራቸው የአፍሪካ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋና ከዳርፉር ተራሮች አካባቢ እየተነሣ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው የነፋስ ሞገድ ነው ውቅያኖሱ ላይ ደርሶ ጉልበት የሚያገኘው። በነሐሴ 2009 ሂውስተንን ያጥለቀለቀው ሃርቪ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ከወጣ እንዲህ ካለ ሞገድ የተወለደ ነው። በቴክሳስ አንዳንድ ቦታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፤ የከተማው ኤርፖርቶች ተዘጉ። ይህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ እያለ እንኳ በየዓመቱ «ያለፈውም መጣ ተብሎ አልመጣም» ብሎ የሚቀር፣ የያዘውን ጉዞ የማይሰርዝ አይጠፋም። እነሱን የሚያሳስቃቸው ያለፈው ዓመት ነው።

ታዲያ እንሂድ ወይስ እንቅር? ጥያቄው በዚህ መልክ ከቀረበ ተረቱ ሁልጊዜ «ቅር» ነው የሚለው፤ ሁልጊዜ የቀረ ሰው ደግሞ አገሩን ያጣል። ብልሆቹ መንገደኞች ሲያደርጉ ያየሁት ሌላ ነው። ውሳኔውን ወንዙ ዳር አይተዉትም፤ ገና አዲስ አበባ ሳሉ ይወስኑታል። ከሆሳዕና ወዲያ ከቀትር በኋላ አልጓዝም፤ ከቀትር በኋላ ከደረስኩ ከተማ አድራለሁ። ጅረቱ ድንጋዩን ከሸፈነ አልገባም፣ ማንም ቢያልፍ። በረዳቱና በሹፌሩ ጭቅጭቅ መካከል የሚወሰን ነገር አይደለም ይህ፤ እዚያ ሲደረስ ይሉኝታ ከአእምሮ ይቀድማል። የቻለ ደግሞ ሦስት አራት ቀን ቀድሞ ይገባል፤ መጓጓዣውም ያኔ ይረክሳል። እናቶችንም ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ። «ፈሪ ለእናቱ» ብለው የተረቱት አባቶች፣ እናትየው ራሷ በስልክ «ልጄ፣ ዘንድሮም ልትቀርብኝ ነው?» ስትል አልሰሙም መሰለኝ።

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው የበዓል ሰሞን ይህንኑ ስልክ ተቀበለ። ዋዜማው ነበር፣ እሱ ሆሳዕና ደርሷል፣ ሰማዩ በአምባሪቾ ተራራ በኩል ጠቁሯል፣ ባለ ሞተሮቹ «እናደርስሃለን» ይሉታል።

«እማ፣ ዛሬ አልገባም። አጎቴ ቤት አድራለሁ።»

«ሰንጋው ነገ በጠዋት ነው የሚታረደው! ወንድሞችህ ሁሉ ገብተዋል።»

«ገብተው ይሆናል፤ በጠዋቱ ነዋ የገቡት። ድርሻዬን አስቀምጪልኝ።»

«ማን ያስቀምጥልሃል? እነዚህን አታውቃቸውም?»

በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ፣ ጅረቱ ጎድሎ፣ ቀትር ላይ ገባ። ድርሻው ተቀምጦለት ነበር፤ ክትፎው ግን አልተቀመጠም። በዚህ ጉዳይ ከታላቅ ወንድሙ ጋር የጀመሩት ክርክር እስካሁን አልተቋጨም፤ ወንድሙ «ያልመጣ አይበላም» ይላል፣ እሱ ደግሞ የዘንድሮውን ሰንጋ መዋጮ ግማሹን ብቻ እንደሚከፍል ከወዲሁ አስታውቋል።